ከሸራው በስተቀኝ

«አዎ፣ ስለዚያ ውሸታም አስተርጓሚም አንድ መስመር ጣል አድርጌበታለሁ። ሰው ትንሽ ይሳቅ እንጂ! ሲኒማ ቤት እኮ ነው፣ ለቅሶ ቤት አይደለም» አለ አብይ በስልክ፣ የወንጌላዊትን ባንኮኒ ተደግፎ። የሚያወራው አዲስ አበባ ካለችው እህቱ ጋር ነው። ወንጌላዊት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅራ የእሱን የእጅ ጽሑፍ ትተይብ ነበር። ጣቶቿ ቀጥ አሉ። ውሸታም የተባለው አስተርጓሚ አባቷ ናቸው። አብይ ይህን አያውቅም፤ ከየት ያውቃል? ከማርቆስ የወጣው በአሥር ዓመቱ ነው። አባቱ አቶ ደመላሽ ሲሞቱ ለቀብር መጥቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አሁን ደግሞ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሰሞን የአባቱን ሲኒማ ቤት ሸጦ ሊሰናበት መጣ። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ ይባላል፤ ይኸኛውስ ዘራፊ እስኪመጣም አልጠበቀ። ደግነቱ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ዝም ብሎ ያስፈርሰው ነበር። እሱ ግን ዛሬ እሑድ በስምንት ሰዓት የከተማውን ሽማግሌዎች ጠርቶ አንድ የድሮ ፊልም በነፃ ሊያሳይ፣ በር ላይም የሲኒማ ቤቱን ታሪክ የያዘ ወረቀት ሊያድል አስቧል። ነገ ሰኞ ማፍረሻው ማሽን ይገባል።

ጽሑፉ «ሲኒማ ጮቄ በ1959 ዓ.ም. በአቶ ደመላሽ የግል ገንዘብ ተሠራ» ብሎ ይጀምራል። ሁለት መቶ አርባ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ጣሊያን ሠራሽ ማሽን፣ የራሱ ጄኔሬተር። አንደኛ ማዕረግ አንድ ብር፣ ሁለተኛ ሃምሳ ሳንቲም፣ ከፊት ያለው ሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ ስሙኒ። ደርግ የሰው ቤት ሲወርስ ጮቄ «ይቺ ደግሞ ምን ቤት ናት» ተብላ ተረፈች። በኋላ ቪዲዮ ቤቶች በየመንደሩ ሲከፈቱ ሰው ቀረባት፤ የሠርግ አዳራሽ ሆነች፣ ከዚያ የጤፍ መጋዘን፣ ከዚያ ምንም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ወንጌላዊት እየተየበች ያጣችው፣ ሰው ወደዚያ አዳራሽ ይጎርፍ የነበረው ለምን እንደሆነ ነው። ፊልሙ በቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ማርቆስ አንድ ቀን ይታያል፤ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል። ቋንቋው የሕንድ ነው፣ የጣሊያን ነው፣ የፈረንጅ ነው፤ የሚሰማው የለም። አቶ ደመላሽ ያደረጉት ነገር ቢኖር ከደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ወጥቶ ማርቆስ ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር፣ አንደበቱ የተባረከ አንድ ወጣት መፈለግ ነበር። ዘመንፈስቅዱስ ይባላል። ሕንድኛ ቀርቶ እንግሊዝኛም አያውቅም።

ወንጌላዊት አሠራራቸውን ታስታውሳለች። ፊልሙ በመጣ ቀን ጠዋት ማሽኒስቱ ለእሳቸው ብቻ አንድ ጊዜ ያሳያቸዋል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ኩታቸውን ተከናንበው፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ዝም ብለው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሲሞላ ረጅም ዘንግ ይዘው ከሸራው በስተቀኝ ይቆማሉ፣ ከዚያ ታሪኩን በአማርኛ ያወርዱታል። ጀግናው የየትም አገር ሰው ቢሆን ስሙ ድረስ ነው፤ የሚወዳት ልጅ ደብሪቱ። «ድረስ ይኸን በሰማ ጊዜ ከሉማሜ ገሥግሦ ደረሰ!» ሲሉ አዳራሹ ይናጋል። ወንበዴው የደምበጫ ሰው ነበር፤ ደምበጫዎች ቅር ተሰኝተው ሽማግሌ ላኩና ከዚያ ወዲያ ወንበዴው አገር አልባ ሆነ። ሰዉ ፊልሙን ትቶ እሳቸውን ለመስማት ነበር የሚመጣው። የኔታ ሲኒማ ይላቸው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የአብይ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በዚያን ዘመን ቋንቋ የማያውቅ አንድ አስተርጓሚ ታሪኩን ከራሱ እየፈጠረ ስለሚያወራ ሕዝባችን ለዓመታት ሲታለል ኖሯል። ዛሬ የሚታየው ፊልም እሑድ ሚያዝያ 12 ቀን 1978 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ ታይቶ ነበር። እነሆ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሕዝባችን እውነተኛውን ታሪክ በአማርኛ ጽሑፍ ታጅቦ ያያል።»

ወንጌላዊት ቀኑን ደግማ አነበበችው። ሚያዝያ 12 እናቷ ሥራነሽ የሞተችበት ቀን ነው። እናቷ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ሄዳ አልተመለሰችም። ወንጌላዊት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። መርዶው የተነገራት ከፋሲካ በኋላ፣ የእናቷ ዘመዶች ገና ጎህ ሳይቀድ ከደብረ ወርቅ መጥተው ቤቱን ሲሞሉት ነው። ቀኑን ያወቀችው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ የአባቷን ዳዊት ስትገልጥ ከሽፋኑ ጀርባ በእጃቸው ተጽፎ አግኝታ ነው። አግኝታም ሆሳዕና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የዋለውን ያን እሑድ አስታወሰች፤ ቄሶቹ በዐቢይ ጾም ሲኒማ ተከፈተ ብለው ያጉረመረሙበትን። አዲስ ሸራ ጫማ አድርጋ ነበር። አባቷ ፊልሙ ሳይጀመር ስልክ ተብለው ወደ አቶ ደመላሽ ቢሮ ሲገቡ፣ ቆይተው ሲወጡ፣ ብስኩት ገዝተው ከፊት አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጧት ታስታውሳለች። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ትልቅ ደመራ ሲነድ፣ አዳራሹም በእልልታ ሲቀልጥ ታስታውሳለች። እንግዲህ እናቷ በሞተች ቀን አባቷ ሞቷን ሰምተው፣ ሸራው አጠገብ ቆመው፣ ሰውን እልል አስብለዋል። ይህን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች። ባል አግብታ ስትወጣም፣ ፈትታ አባቷ ቤት ስትመለስም አልጠየቀቻቸውም። ቀኑን ካወቀች ወዲህ ሲኒማ ጮቄን ደጃፉንም አልረገጠችም።

ሰው በገዛ አባቱ ሊቆጣ ይችላል። ሌላው ሲሰድብለት ግን ቁጣው አቅጣጫውን ይስታል። አብይ ስልኩን ሲዘጋ «ይኸ አስተርጓሚ ስም የለውም እንዴ?» አለችው።

«ይኖረዋል፤ የኔታ ሲኒማ ነበር አሉ የሚሉት።»

«ዘመንፈስቅዱስ ይባላሉ። አባቴ ናቸው።»

አብይ ስልኩን ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው። ፊቱ ደም መሰለ። «ይቅርታ እህቴ፣ እግዜር ያውቃል፣ አላወቅሁም» አለ። እውነቱን ነበር። ቀጥሎ ግን «ሕንድኛ ይችሉ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«አይችሉም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የተረጎሙት?»

እሷም እኮ ዕድሜ ልኳን የጠየቀችው ይህንኑ ነው። አብይ የልቧን ያየ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስማቸው እንዲገባ ደስ እንደሚለው፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን ማውጣት እንደማይችል ነገራት፤ ታሪክ ታሪክ ነው፣ እውነቱ መጻፍ አለበት። ሁለት መቶ ቅጂ ለሰባት ሰዓት እንዲደርስለት ብሎ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። ወንጌላዊት ብቻዋን ስትቀር ዓረፍተ ነገሩን ከነአባት ስድቡ አጠፋችው። በቦታው «አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከሸራው በስተቀኝ ቆመው ለሃያ ሁለት ዓመት የማርቆስን ሕዝብ ፊልም አሳይተዋል» ብላ ጻፈች። ተርጉመዋል ማለት አልሆነላትም። አሳይተዋል ማለት ግን ማንም አይከለክላትም። ማሽኑን አስነሣችና ሁለት መቶውንም አተመች። አንዱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ የአባቷ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል ያ ዘንግ ቆሟል። ልብስ ይሰቅሉበታል። ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወዲህ ያ አዳራሽ ያናጋ ድምፅ ሄዷል፤ አሁን የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ወንጌላዊት ደግሞ አትጠጋም። ስለዚህ ምሳቸውን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚበሉት። አንዱ ውኃ ሲቀዳ ሌላው ብርጭቆውን ይገፋል፣ በቃ። ዛሬ ሽሮው ከመቅረቡ በፊት ወረቀቱን ፊታቸው አኖረችው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተኮራርፎም ሰው አባቱ ደስ ሲለው ማየት ይፈልጋል። እሳቸው ግን የፊልሙ ቀን ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና በእጃቸው ጠሯት። ጠጋ አለች።

«ስሜን ተይው። ባይኖርም ግድ የለም» አሉ በዚያች ትንፋሽ። «ይልቅ ለልጁ ንገሪው፤ ይችን ፊልም ይተዋት። ሌላ ያሳይ።»

«ሌላ የለውም አባባ። ቤቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ፖስተር የዚህች ናት አሉ። በአዲስ አበባ ልጆች ጽሑፍ አሠርቶላት ነው የመጣ።»

«ጽሑፍ?»

«አማርኛ። የሚናገሩትን ሁሉ ከሥር ይጽፈዋል።»

አባቷ ሽሮውን ትክ ብለው አዩት። ያን ጊዜ ከሆዷ ውስጥ ያ የኖረው ነገር ወጣ። «እማማ ያረፈችበት ቀን ስለሆነ ነው?» አለች። «እኔ እዚያ ነበርኩ እኮ። እልልታውን አልረሳሁትም።»

«እንደማትረሽው አውቃለሁ» አሉ።

እንጀራው ዳር ዳሩ ደረቀ። በመጨረሻ «አንች ግን አትሂጅ፣ እለምንሻለሁ» አሏት። አባቷ ለምነዋት አያውቁም። እሄዳለሁ አለች፤ እልኋም ፍርሃቷም ገፍቷት። እሳቸውም ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲያውስ ብቻሽን አታይውም» ብለው ኩታቸውን ፈለጉ።

አዳራሹ ውስጥ የጤፍ ብናኝ ይሸታል። አግዳሚዎቹ ከተማገዱ ቆይተዋል፤ የተደረደሩት ከዕድር የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። ሸራው የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ማሽኑም ያ የሚያጓራው የጣሊያን ማሽን ሳይሆን ዳዊት የምታህል ነገር ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርሃን ትተፋለች። ስድሳ የሚሆን ሰው መጥቷል፤ ከስድሳ ዓመት በታች የሆነው ጥቂቱ ነው። በር ላይ አብይ ወረቀቱን እያደለ ነበር። ወንጌላዊት ምን እንዳደረገች አንብቦታል፤ እሷን አየ፣ ከኋላዋ በዝግታ የሚመጡትን ሽማግሌ አየ፣ በሁለት እጁ ወረቀት ሰጣቸው። ሽማግሌዎቹ «የኔታ! የኔታ ሲኒማ መጡ!» እያሉ ተነሡ፣ ትከሻቸውን ሳሙ፣ አንዱ «ድረስ ከሉማሜ ደረሰ ወይ?» አላቸውና ሁሉም ሳቀ። አባቷ ጎንበስ እያሉ ሰላምታውን ተቀበሉ። ዓይናቸው ግን ከአንሶላው በስተቀኝ ባዶዋ ቦታ ላይ ነበር። ከወንጌላዊት በወዲህ በኩል እትዬ ቀድሪያ ተቀመጡ። ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት አምሳ ዓመት ጨርቅ የሸጡ፣ እናቷ ሥራነሽ የመጨረሻ ቀሚሷን ከእሳቸው የገዛች ሴት ናቸው። የተዘጋጀውን ፊልም ስም ሲሰሙ የወንጌላዊትን እጅ ያዙ። ለምን እንደያዟት ያኔ አልገባትም።

ፊልሙ የአንዲት እናትና የሦስት ልጆቿ ታሪክ ነው። መጀመሪያው ያስቃል፤ ትንሹ ልጅ ከጎረቤት ማንጎ ይሰርቃል። ጽሑፉ ከሥር ይሮጣል፤ የሽማግሌ ዓይን ግን አይደርስበትም። ወዲያው ከየወንበሩ ሹክሹክታ ተነሣ። «ይኸ ድረስ ነው» ይላል አንዱ። «አይ፣ ድረስ ትልቁ ነው፣ የኔታ እንዲያ ነው ያሉ» ይላል ሌላው። የጽሑፉን ስም ማንም አልተቀበለውም። ወንጌላዊት ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ እናትየዋ ታመመች፤ አዳራሹም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ስድሳ ሰው የሚመጣውን የሚያውቅ ያህል።

እናትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከሥር «እናታችሁ ሞታለች» የሚል ጽሑፍ መጣ። ወንጌላዊት በአባቷ ድምፅ የሰማችው ግን ሌላ ነበር፤ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ቃል በቃል ተመለሰላት፦ ደክሟት ነው፣ ተኝታለች፣ እንቅልፍ መድኃኒት ነው። አራት ወንዶች በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ አበባ በትነውባት፣ በትከሻ ተሸከሟት። አባቷ ቃሬዛ ነው ብለው ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበል እየወሰዳት ነው። አገሬው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያለቅሳል። እግዚኦ እያሉ ይማልዱላታል ብለው ነበር። ከዚያ እንጨቱ ተረበረበ፣ ላዩ ላይ አጋደሟት፣ ትልቁ ልጅ ችቦ ይዞ ቀረበ። ጽሑፉ «ልጄ፣ የእናትህን አስከሬን አቃጥል» ይላል። እሳቱ ተያያዘ። ወንጌላዊት እሳቱን አየች። ያን ደመራ አየችው። ደመራ አልነበረም።

«መጀመሪያ እልል ያልሁ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቀድሪያ በጆሮዋ። «ቲኬት ስንቆርጥ ነው የእናትሽን መርዶ የሰማነው። አቶ ደመላሽ ልዝጋው ቢሉ አባትሽ እንቢ አሉ። ልጄ ዘመድ ሳይሰበሰብ በባዕድ መሃል እንዳትሰማው ብለው፤ ከዘጋነው ይገባታል አሉ። ሁላችንም እያወቅን ገባን። ያን ሬሳ እንጨቱ ላይ ሲያወጡት አንች ከፊት ተነሥተሽ ቆምሽ። አባባ፣ እሳቱ ምንድን ነው? አልሽ። አባትሽ ዝም አሉ። ዝም ብለው አያውቁም እኮ! እኔ ወደቁ ብዬ ነበር። ከዚያ ዘንጋቸውን አነሡና፣ ድና ተመለሰች፣ አገሯ ደስ ብሎት ደመራ ለኮሰላት አሉ። ሬሳ እንደሆነ ሁላችንም እናያለን። ምን እናድርግ ታዲያ? አንች ዘወር ብለሽ አየሽን። እልል አልን።»

አዳራሹ ውስጥ የእሳቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወንጌላዊት ዙሪያዋን ስታይ አንሶላውን የሚያይ ሽማግሌ አልነበረም፤ የሚያዩት እሷን ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አንዲቱ አልቻለችም፣ አመለጣት፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ያን እሑድ ለአንዲት ልጅ ሲባል የታፈነው ለቅሶ አሁን ወጣ። አብይ ከኋላ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ግራ ገብቶታል። ፊልሙን ላቁመው አላቁመው እያለ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ማንም አልነገረውም።

አባቷ ጉልበታቸው ላይ ያኖሩትን እጃቸውን ያያሉ። የሽማግሌ እጅ ነው። ወንጌላዊት በዚያ ቀን ይህ እጅ ዘንጉን እንዴት ያዘው ብላ አሰበች፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ መሬት ላይ መንከባለል የሚገባው፣ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማውራት እንዴት ቻለ? ሠላሳ ሦስት ዓመት የቆጠረችባቸው ቂም አሁን በእሷው ላይ ዞረ። ይቅር በሉኝ ማለት ፈለገች። ጠጋ አለች፣ የሚናገሩትን ለመስማት።

«ዋሸሁሽ ልጄ» አሉ። «ሌላ ቃል ጠፋኝ።»

እሳቱ አንሶላውን ሞልቶት ፊታቸው ቀልቷል። ነገ ይህ ግድግዳ አይኖርም፤ እሳቸው የቆሙባት ቦታም አትኖርም። ወንጌላዊት እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና ጆሯቸው ሥር «አባባ፣ እሳቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዘወር ብለው አዩዋት። አልገባቸውም መጀመሪያ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ነው።

«ደመራ ነው» አሉ። «ድናለች።»

ወንጌላዊት ቀስ ብላ እልል አለች። ከአባቷ በቀር ማንም አልሰማትም። ሁለተኛውን ስትጀምረው ወደ ለቅሶ ተለወጠባት።